የጠራሁት አዞ

ትናንት ብሩክ ላይ ስጮህ ሁላችሁም ደንግጣችኋል። ልጁ ምን አጠፋ? እንግዶች ጭኖ ነበር። ወፎቹን ወደ ጀልባው ለማቅረብ በቢላው እጀታ የጀልባውን ጠርዝ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረገ። እኔ ደግሞ ከዳር ተነስቼ «ተው! ተው ብዬሃለሁ!» እያልኩ በዚህ በማይታጠፍ ጉልበቴ ሮጥኩ። እንግዶቹ ሳይቀሩ ሳቁብኝ። ብሩክ፣ ይቅርታህን እፈልጋለሁ። ግን አንድ ነገር እወቁ፣ ያንን ማንኳኳት እዚህ ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል ዳር ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ምን እንዳስከፈለ ሳትሰሙ ዛሬ ሞተር የሚያስነሳ የለም።

ጊዜው የጥቅምት መግቢያ ነበር። እዚህ እኛ ጋ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ወደ ጋምቤላ በኩል ግን ገና ያጉረመርማል። ሁለት የዛፍ ተመራማሪዎች ከባሮ ገባሮች በአንዱ ሽቅብ ወጥተው ጥቅጥቁን ደን ሊያጠኑ አስበዋል። የጀልባ ሞተር የሚነዳም የሚጠግንም ሰው ሲያፈላልጉ የእኔን ስም ሰሙ። ምግብ አብሳይም አጥተው ነበር። እኔም ጀማልን ይዤ ሄድኩ።

ጀማልን ታውቁታላችሁ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ምግብ ቤት ያለው፣ አብሮ አደጌ። ያኔ በሰው ምግብ ቤት ተቀጥሮ ነበር የሚሠራው። መሄድ አልፈለገም። «እኔ ውሃ ላይ ሆዴ ይገለበጥብኛል፣ ተወኝ» አለኝ። እኔ ነኝ ጎትቼ ያስነሳሁት። እናቱ እትዬ ዘይነባ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተውን ነበር። መኪናው ሊነሳ ሲል እጄን ያዙና «ማቴዎስ ልጄ፣ እሱ ዋና አይችልም። አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ» አሉኝ።

«እትዬ ዘይነባ፣ እንደወሰድኩት አመጣዋለሁ» አልኳቸው። ከአፌ እንዴት ቀሎ ወጣ!

ጋምቤላ ስንደርስ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። አንዱ ጋሽ በቀለ፣ ድሮ የዱር እንስሳት ጥበቃ የነበሩ፣ በኋላ ፈቃድ አውጥተው አዳኝ የሆኑ፣ ስድሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ካምፑን እንዲጠብቁ ጠመንጃቸውን ይዘው መጡ። ሌላው ኦሞድ ነው፣ አኙዋክ፣ የዚያው ወንዝ ልጅ። ዱካ ያነባል፣ ረጅም እንጨቱን ይዞ ከጀልባው ፊት ቆሞ የውሃውን ጥልቀት እየለካ መንገድ ያሳየናል። ቀኑን ሙሉ አብሮህ ውሎ ከአሥር ቃል በላይ ላይናገር ይችላል። እኔ በበኩሌ ለሁለታችንም እናገር ነበር።

ጀልባችን የአሉሚኒየም ናት፣ ሞተሯ ሃያ አምስት የፈረስ ጉልበት፣ ሁለት በርሜል ነዳጅ፣ ድንኳን፣ የተመራማሪዎቹ ሣጥኖች፣ የጀማል ድስትና ጭልፋ። ሁለት ቀን ሽቅብ ሄድን። ልጆች፣ ያንን ወንዝ እንዴት ልንገራችሁ? እዚህ ሐይቃችን ላይ ወጥተህ ዞር ብትል ከዳር እዳር ታያለህ። እዚያ ግን ከሚቀጥለው ጥምዝ በላይ የሚታይ የለም። ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ወጥተው ከላይ ተገናኝተዋል። ውሃው ቡናማ ነው፣ እጅህን ክርንህ ድረስ ብታስገባ ጣትህን አታየውም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ ሦስት ሰዓት አይነሳም። ጉሬዛው እንኳ የሚያስቅ ባህርይ የለውም፤ የእኛዎቹ ኦቾሎኒ ከእጅህ ይነጥቃሉ፣ እነዚያ ግን እኛን ሲያዩ ዝም ብለው ከላይ ሆነው ይመለከቱን ነበር። ጀማል ይህን አልወደደውም። «ምን አጠፋሁ ብዬ ነው እንዲህ የሚያዩኝ?» ይላል።

በሦስተኛው ቀን ወንዙ በሚጠመዝዝበት ቦታ፣ ከፍ ያለ ደረቅ መሬት አግኝተን ሰፈርን። ጀልባዋን ከአንድ የዛፍ ሥር ጋር አሰርኩ። ማታውኑ፣ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ያጠመድኩትን አምባዛ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ አርጄ ሆድ ዕቃውን ሳወጣ እጄ የለመደውን አደረገ። በቢላው እጀታ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤ ሆድ ዕቃውንም ወደ ውሃው ወረወርኩ። እዚህ ሀዋሳ ስንት ዓመት አድርጌዋለሁ! አባ ኮዳውም ሌላው የውሃ ወፍም ድምፁን ሰምቶ ይሰበሰባል፣ እንግዳ ፎቶ ያነሳል፣ እኔም እኮራለሁ። የእኛ ሐይቅ ጉማሬ አለው፣ አዞ ግን የለውም። በውሃ ዳር አንድን ነገር፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት መደጋገም ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ማን ያስተምረኝ?

እውነትም ወፎች መጡ። ነጭ ራስ ያለው ንስር ሳይቀር ከዛፍ ወርዶ ከውሃው ላይ አነሳ። ጀማል አጨበጨበ። «ይኸው ሀዋሳን እዚህ አመጣሃት!» አለ፣ ከመጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ እየሳቀ። እኔም ደስ አለኝ። በማግሥቱም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ደገምኩት።

ኦሞድ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «ማንን ነው የምትጠራው?» አለኝ።

«ወፎቹን ነዋ።»

«ውሃው ውስጥ ያለውም ጆሮ አለው» አለና ሄደ። እኔ ሳቅኩ። ከውሃ ጋር ያደግኩ የሀዋሳ ሰው ሆኜ እሱ ስለ ውሃ እንዲመክረኝ አልፈለግኩም፣ እውነቱ ይኸው ነው።

በሦስተኛው ምሽት አንኳኳሁ፤ ወፎቹ ግን አልወረዱም። ንስሩ ቅርንጫፉ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ታች ያያል። ሌሎቹም ከፍ ካለ ቦታ ሆነው ይጮሃሉ እንጂ ወደ ውሃው አይቀርቡም። የወረወርኩት ሆድ ዕቃ ግን የለም። ተንሳፍፎ ሲሄድ አላየሁም፣ ዞር ብዬ ስመለስ አጣሁት። እኔ ሞኙ በወፎቹ ተቀየምኩ። ጀማል ፊቴን አይቶ «አታኩርፍ እንግዲህ፣ ነገ ይመጣሉ» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጉሙ ሲነሳ ኦሞድ ጠራኝ። ጀልባዋ ከታሰረችበት አሥር እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ጭቃው ላይ ሰፊ ነገር የተጎተተበት ዱካ አለ፤ የሆድ ዱካ። ከግራና ከቀኙ የእግሩ ጣቶች ተተክለዋል። እኔ ስንዝሬን ዘርግቼ ለካሁት፣ የኋላ እግሩ ከስንዝሬ አልፎ ሄደ። ኦሞድ አንድ አጠር ያለች እንጨት አሳየኝ፤ ሁለት ምልክት በቢላ ተቀርጾባታል። «ትናንት ጠዋት ዱካው ማዶ ነበር» አለኝ። «ዛሬ እዚህ ነው። እግሩ አንድ ነው፣ ለክቼዋለሁ። ጀልባዋን እናንሳ። ማንኳኳቱንም ተው።»

ጋሽ በቀለም ወርደው አዩ። ተንበርክከው ጭቃውን በጣታቸው ነኩ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ። ማቴዎስ፣ ዛሬውኑ አንሳት» አሉኝ።

«ጋሽ በቀለ፣ ሞተሯ ትላንት ሲያስላት ነበር። ካንዴላዋን ፈትቼ ላጽዳውና ነገ ጠዋት አነሳታለሁ» አልኩ። እሳቸውም ከተመራማሪዎቹ ጋር ወደ ደኑ መግባት ስለነበረባቸው ብዙ አልተከራከሩኝም። እኔ ደግሞ ቦታው ተመችቶኝ ነበር። ጥላ አለው፣ ሥሩ ለማሰሪያ ይመቻል። ይኸው ነው ምክንያቴ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይሉ የለ? የእኔ ከዚህም የባሰ አድርጓል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ዳገቱ ላይ፣ ከጀልባዋ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ሞተሩን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ በሽቦ ብሩሽ እፈትጋለሁ። ኦሞድ ውሃው አጠገብ መረብ ይጠግናል። ጀማል ዕቃ ሊያጥብ ወርዷል። ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ክው አልኩ። ቢላዬ አጠገቤ ነው፣ እጄ ላይ ካንዴላ ነው ያለው። ታዲያ ማን ነው ያንኳኳው? ቀና ስል ጀማል ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል፣ በግራ እጁ ድስቱን ይዟል፣ በቀኙ ጭልፋውን። ድስቱን እያራገፈ መሰለኝ። እዚያች ደቂቃ ላይ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። «ጀማል!» ብዬ ጮህኩ።

ዞረ። ፈገግ ብሎ ነበር። ያንን ፈገግታ ለብዙ ዓመት ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

ውሃው አልተንቦጫረቀም፣ ዝም ብሎ ከፍ አለ። ከዚያ አፉ ብቻ ነው የታየኝ፤ ድስቱንም የጀማልንም ቀኝ ክንድ አንድ ላይ ያዘ። ጀማል አልጮኸም፣ «ማቴዎስ» ብቻ አለ፣ ሰው ጎረቤቱን በሚጠራበት ድምፅ። ወደ ውሃው ሲጎተት ቀበቶውን ያዝኩ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ኦሞድ ረጅሙን እንጨት ከዓይኑ ሥር ወጋው፣ ደገመው። ድስቱ በጥርሶቹ መሃል ገብቶ አፉ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ባያደርገው ኖሮ ሁለታችንንም ይዞን ይሄድ ነበር። ሦስተኛው ላይ ለቀቀ። በጅራቱ ጀልባዋን ሲመታት እኔ ሐይቅ ላይ እንደለመድኩት ቀለል አድርጌ ያሰርኩት ገመድ ከሥሩ ላይ ተፈታ። ወንዙ ጀልባችንን ይዞ ሄደ።

ስለ ክንዱ አልነግራችሁም። ከተመራማሪዎቹ አንዷ ጩኸቱን ሰምታ ከጋሽ በቀለ ጋር ስትደርስ በቀበቶዋ ከላይ ጥርቅም አድርጋ አሰረችውና ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ «ዛሬ ሐኪም ካላገኘ አይተርፍም» አለችኝ። ስልክ አይሠራም። በእግር እንዳንወጣ ደኑ በውሃ ተሞልቷል፣ ሁለት ቀን ይፈጃል። ጀልባዋ ማዶ፣ አርባ እርምጃ ያህል ወደ ታች፣ የወደቀ ግንድ ላይ ተጣብቃ ቆማለች። በእሷ ከሄድን የኦሞድ መንደር ሁለት ሰዓት ነው፣ እዚያ መኪና አለ። ጀማል ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጎ «ለእማዬ እንዳትነግራት» ይለኛል። አደራው ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ ነበር።

ኦሞድ ሸሚዙን አወለቀ። «ዋናው ቀላል ነው» አለ። «እሱ የት እንዳለ ካወቅኩ እዋኛለሁ።»

ሁላችንም ውሃውን አየን። ውሃው ምንም አይናገርም።

«የት እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ» አልኩ። «እኔ የምጠራው ቦታ ይሆናል።»

ጋሽ በቀለ ጥይታቸውን ቆጠሩ። ሊሰድቡኝ ይችሉ ነበር፣ መብታቸውም ነበር። ግን «ሦስት ጥይት ነው ያለኝ። ና» ብቻ አሉ።

ከካምፑ ሽቅብ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄደን ግማሹ ውሃ ውስጥ የገባ ግንድ አገኘን። እኔ የድስቱን ክዳንና ቢላዬን ይዤ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ አጠገቤ ከጠዋት የተረፈ የዓሣ ሆድ ዕቃ አለ። ጋሽ በቀለ ከኋላዬ ዳገቱ ላይ በሆዳቸው ተኙ፣ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። «ስማኝ» አሉ። «እኔ ካልተኮስኩ እንዳትነቃነቅ። ከተነቃነቅክ ይሰወራል፤ ከተሰወረ ደግሞ ኦሞድ ውሃ ውስጥ ነው።»

አንኳኳሁ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሆድ ዕቃውን ወረወርኩ። ምንም የለም። ትንኝ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ደገምኩ። ከላይ ንስሩን አየሁት፤ ያው ቅርንጫፉ ላይ ሆኖ ወደ ታች ያያል፣ የሚያየው ግን እኔን አልነበረም። የሚያየውን ተከትዬ ስመለከት፣ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ሁለት ጉብ ያሉ ነገሮች ውሃው ላይ አሉ። ከቅድም ጀምሮ ነበሩ ወይስ አሁን መጡ፣ አላውቅም።

ጋሽ በቀለ ግራ እጃቸውን አነሱ። ኦሞድ ይህን አይቶ ድምፅ ሳያሰማ ውሃው ውስጥ ገባ።

ከሁሉም የከበደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማንኳኳቴን ባቆምኩ ቁጥር ዓይኖቹ ወደ ወንዙ ታች፣ ወደ ኦሞድ በኩል ዞር ይላሉ። ሳንኳኳ ወደ እኔ ይመለሳሉ። ስለዚህ አላቆምኩም። አልሸሽግም፣ እፈራ ነበር፣ ሱሪዬም ደረቅ አልነበረም። ቢሆንም በገዛ እጄ «ና፣ ና» እያልኩ እጠራዋለሁ። አሥራ አምስት እርምጃ ሆነ። አሥር ሆነ። ጋሽ በቀለ አይተኩሱም፤ ከውሃ ወለል ላይ ብቅ ያለን የአዞ ጭንቅላት ከሩቅ ከሳትከው ሁለተኛ ዕድል የለህም።

ከዚያ ዓይኖቹ ጠለቁ።

ኦሞድ ወደ ማዶ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ወደ እኔ ነው የመጣው ወይስ ወደ እሱ? በክዳኑ ላይ ጠንከር አድርጌ መታሁ። አሁንም መታሁ። «ወደ እኔ ይሁን» ብዬ ጸለይኩ። ለራሴ እንዲህ ያለ ጸሎት የጸለይኩት ያኔ ብቻ ነው። ከግንዱ ሥር አረፋ ብቅ ብቅ አለ። ትንንሽ ዓሦች ከውሃው ዘለው ወጡ። እግሬን ወደ ላይ ለመሳብ ሥጋዬ ሁሉ ይለምነኛል፤ አልሳብኩም።

ጉልበቴ አጠገብ ወጣ። ትንፋሹ ሸተተኝ። በጥርሶቹ መካከል የጀማል ሰማያዊ ሸሚዝ ቁራጭ ነበር። ጥይቱ ከጆሮዬ አጠገብ አልፎ ሄደ፣ ጭንቅላቱ ዘቀጠ፣ ከዚያ ዓለም ሁሉ ተገለበጠ። ጅራቱ ጉልበቴን መትቶ ጭቃው ላይ ጣለኝ። ይህ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነዘንዘኝ ጉልበት እሱ ነው። ሁለተኛው ጥይት፣ ሦስተኛው ጥይት። ነጭ ሆዱ አንዴ ታየ፣ ከዚያ ውሃው ወሰደው።

ፉከራ አልነበረም። «ሞተ?» አልኳቸው።

ጋሽ በቀለ ባዶውን ጠመንጃ ታቅፈው «ቆዳውን በእጁ ያልነካ አዳኝ ገደልኩ አይልም» አሉ።

ኦሞድ ጀልባዋን እየገፋ አመጣት። ካንዴላው ለካ ከዚያ ሁሉ ግርግር ወዲህ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፈጥኜ ገጠምኩት፣ በሦስተኛው ጉተታ ተነሳች። ሳይጨልም መንደሩ ደረስን። ሴቶች ጄሪካን ይዘው ውሃ ዳር ቆመው ነበር። ኦሞድ ገና ከሩቅ በቋንቋቸው ጮኸ፣ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሹ። ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩትም፣ አውቄዋለሁ።

ጀማል ተረፈ። ክንዱን ከክርኑ በታች ቆረጡት። ሀዋሳ ስንመለስ እትዬ ዘይነባ መናኸሪያ ነበሩ። የታጠፈውን እጅጌ አዩት፣ ቆይተው አዩት። ከዚያ እኔን አቀፉኝና «ነፍሱን አምጥተህልኛል፣ አላህ ይስጥህ» አሉኝ። «አደራ በላ» ብለው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኦሞድም ጋሽ በቀለም ስለ ማንኳኳቴ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እኔም ዝም አልኩ። ጀማል አዞው በአጋጣሚ የመጣ ይምሰለው ብዬ ዓመታት ዝም አልኩ።

ባለፈው ዓመት ነው ያልቻልኩት። ምሳ ሰዓት አልፎ ምግብ ቤቱ ጭር ሲል፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ሦስቱን ምሽት፣ የኦሞድን ማስጠንቀቂያ፣ «ነገ ጠዋት» ያልኩትን። «አንተ ድስትህን ስታራግፍ፣ እኔ ያስተማርኩት መጣብህ» አልኩት።

በአንድ እጁ ጠረጴዛውን እየጠረገ ሰማኝ። «የምን ማራገፍ?» አለ። «ድስቱ እኮ ታጥቦ አልቋል።»

«ታዲያ ለምን አንኳኳህ?»

«ወፎቹ ሲቀሩብህ ከፍቶህ ነበር። አንተ ካንዴላህን ስትፈትግ ልጥራለትና ደስ ይበለው ብዬ፣ ልክ እንዳንተ አድርጌ ነዋ ያንኳኳሁት።»

ፈገግታው ያኔ ገባኝ። «ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ያልነገርከኝ?» አልኩት።

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?» አለና ጨርቁን ጥሎ በግራ እጁ እጄን ያዘ። 

አሁንም እኔ ቤት ቱላ ድረስ በባጃጅ ይመጣል። የግቢዬ በር ቆርቆሮ ነው፣ ግን አንድ ቀን አንኳኩቶ አያውቅም። ውጭ ቆሞ ሰፈሩ እስኪሰማ «ማቴዎስ!» እያለ ይጠራኛል። ያችው ድምፅ ናት፣ እኔም እሮጣለሁ። ብሩክ፣ ነገ እንግዳ ስትጭን ሞተሩን አጥፋና ዝም ብለህ ጠብቅ። ወፍ ከሆነ ሳይጠሩትም ይመጣል።